ሻምበል እርጉዝ ናት

አክስቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። መጀመሪያ መሪ የጨበጠች ቀን ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ወንዶች «ይቺማ ከበሩም አታስወጣው» ብለው ሳቁባት። እሷ ግን አስወጣችው፤ ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስም ስታስወጣው ኖረች። ቅጽል ስም ያወጡላት ተሳፋሪዎች ናቸው። በር ከተዘጋ በኋላ መስታወት ለሚደበድብ፣ ከፌርማታ ውጭ «ወራጅ አለ!» ለሚል፣ ሲጋራ አንጠልጥሎ ለሚገባ ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ «አሻፈረኝ!» በዚያው አሻፈረኝ ተብላ ቀረች።

በኋላ ዓይኗ ደከመ። ሐኪሞቹ መርምረው ከእንግዲህ መንዳት አይቻልም አሏት። ይህን ብቻ እምቢ ማለት አልቻለችም። ቁልፉን አስረክባ፣ የለመደችውን መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

ወዲያው ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ ተነሳ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍቅሩ ፍሬን የለውም እንጂ። «ብቻዋን ምን ትሠራለች? ቤቷን ለቅቃ እኛ ጋ ትግባ። ቤትም ትጠብቅልናለች» ብሎ ሳያማክራት ወሰነ። እሷ እምቢ አለች። እሱም ወደ እኔ ዞረ፤ «አንቺን ትሰማለች፤ ሂጂና አሳምኛት» አለኝ።

ሄድኩ። የአክስቴ ቤት ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ ትልቁ መስኮት መንገዱን ቁልቁል ያያል። በመስኮቱ ሥር የሽቦ ቤት ተቀምጧል። ውስጡ አይጥ ልበለው ጥንቸል የቸገረኝ ነገር ሣር ያመነዥካል። ጭራ የለውም። ጆሮው እንደ አበባ ቅጠል ስስ ነው። ግማሽ ፊቱ ቡናማ፣ ግማሹ ነጭ።

«ጊኒ ፒግ ይባላል» አለችኝ። «ወንድ ነው። ስሙን ሻምበል ብየዋለሁ።»

«ከየት አመጣሽው እቴቴ?»

«ወፍና ዓሣ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ነበር። ‹አርጅቷል፤ ማንም አይፈልገውም፤ ልጥለው ነው› ሲል ሰማሁት። ‹ወደዚህ በለው› አልኩት።»

ያን ቀን ለማሳመን የመጣሁበትን ጉዳይ አላነሳሁም። እሷ ግን ታውቀው ነበር፤ ስወጣ በሩን ይዛ «ለአባትሽ ደህና ናት በዪው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ ብቅ ማለት ጀመርኩ። ሻምበል እርምጃዋን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ከገበያ ተመልሳ ፌስታሉ ኮሽ ሲል በቀጭን ድምፅ ያፏጫል። እሷም «መጣሁ፣ መጣሁ፣ ሰው አትጥራ» ትለዋለች። ታዲያ ውሎ አድሮ ሻምበል ወፈረ። ውፍረቱ ግን ሌላ ነው፤ ፊቱ እንደ ድሮው ሆኖ ሆዱ ብቻ ግራና ቀኝ ተንሰራፋ። ሲቀመጥ ብርቱካን የዋጠ ካልሲ ይመስላል።

«እቴቴ፣ ይሄ ነገር ያረገዘ ይመስለኛል።»

«ቤት ተስማማው እንጂ! ወንድ ነው አልኩሽ እኮ።»

ነገሩን ያከረረው የአባቴ መምጣት ነው። አንድ እሁድ ሳይታሰብ መጣ። አክስቴ «ሻምበል ይባላል፤ ወንድ ነው» አለችው። ቆሞ ሽቦውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ እንደገና አየ፣ ከዚያ ሳቀ።

«ወንድ ነው ያለሽ ማነው? ሴት ናት፤ ያውም ነፍሰ ጡር! እነዚህ እኮ እንደ ጉንዳን ነው የሚራቡት። አከራይሽ አይተው ሲያስወጡሽ ያኔ ወደ እኔ ትመጫለሽ።»

አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ። የመጨረሻዋ ቃል ነች ያንገበገበቻት። «ወንድ ነው!» አለች። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ወንድ ነው!»

እሱ እንደሄደ ግን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አደረገች። ሻምበልን ፎጣ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ አስገብተን ወደ ሻጩ ሄድን። ሻጩ ካርቶኑን ከፈት አድርጎ እንኳን በደንብ አላየም።

«ወንድ ነው አልኩሽ እማማ። ጥጋብ ነው።»

«ከማን ጋር ነበር የምታስቀምጠው?» አልኩት እኔ።

«ከሌሎቹ ጋር ነዋ! ሁሉም አንድ ቤት ነው። ቆይ፣ ጫን ሳደርገው ይታወቃል» ብሎ እጁን ሰደደና ሆዱን ሊጨምቅ ያዘ። ሻምበል ጮኸ። አክስቴ የሰውዬውን እጅ እንደ ማርሽ ዘንግ ጨብጣ ወደ ኋላ መለሰችው።

«ሁለተኛ እንዳትነካው!» አለችና ካርቶኑን አቅፋ ወጣች።

ከዚያ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። እጇን ታጥባ ሻምበልን አነሳችና ጀርባውን ደረቷ ላይ አስደገፈች፤ ቂጡን በአንድ መዳፍ ደገፈች። ሲረጋጋ በሌላው እጇ ጣት ከብልቱ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ በስሱ ጫን አደረገች።

«ይዩ እናቴ፤ ወንድ ቢሆን ኖሮ ስጫነው እንደ እስክሪብቶ ጫፍ ያለ ነገር ብቅ ይል ነበር። ይሄ ግን እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተከፈለ ቅርጽ አለው። ሴት ናት።»

አክስቴ መነጽሯን አስተካክላ ተጠግታ አየች። ሐኪሟ የሻምበልን ሆድ ሳትጨምቅ በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ቀጥላም ፈሳሽ ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አሳረፈችበት። ጥቁርና ነጩ ስክሪን ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ፈጠን ፈጠን እያሉ ይመታሉ። ልቦች ነበሩ። ሦስት።

አሁን «አሻፈረኝ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ አክስቴ ሳቀች። ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«መውለዷስ ግድ የለም» አለች። «እኔን ያቃጠለኝ ወንድሜ ልክ መሆኑ ነው!»

ሐኪሟም ሳቀች። «እንግዲህ ስሟን ይቀይሩላታላ?»

«ለምን ብዬ? ማዕረግ በጾታ ነው? እኔ ሹፌር ስሆን ማን ስሜን ቀየረው? ሻምበል ነች!»

ያን ዕለት «በላ፣ ተኛ» ስንል የከረምነውን «በላች፣ ተኛች» ማለት ጀመርን፤ ምላሳችን እስኪለምድ ብዙ ተሳሳትን።

ሐኪሟ ግን አንድ የሚያሰጋ ነገር ነገረችን። እነዚህ እንስሳት የመጀመሪያ እርግዝናቸው ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ከሆነ የዳሌያቸው አጥንት ገጥሞ ሊቀርና በምጥ ጊዜ አልከፈት ሊል ይችላል፤ ያኔ ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ነው። ሻምበል ከዚህ በፊት ትውለድ አትውለድ አይታወቅም። «ሆዷን እንዳትጫኑ፤ ያለ ምክንያት አታንሷት። ሣር እንደ ልብ ትብላ፤ የማያቃጥል ቃሪያም ስጧት፤ ቫይታሚኑ ያስፈልጋታል። ምጥ ከጀመራት በኋላ እያማጠች ምንም ካልወጣ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፤ አምጧት።»

አባቴ ይህን ሲሰማ እንደገና መጣ። ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም።

«መርፌ ተወግታ ትሙትና ተገላገዪ። ለአይጥ ኦፕሬሽን! ሰው ምን ይለናል? ነገ ዕቃሽን የሚጭን መኪና አመጣለሁ፤ በቃ።»

አክስቴ የምትከትፈውን ቃሪያ አስቀመጠች። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ ስማኝ። ሴት ናት ያልከው ልክ ነህ። እርጉዝ ናት ያልከውም ልክ ነህ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያገባህም። ዓይኔ ነው የደከመው፣ እኔ አልደከምኩም። እሷም ከዚህ ቤት አትወጣም፣ እኔም አልወጣም። ቁርጥህን እወቅ። መኪናው ከመጣ ባዶውን ነው የሚመለሰው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» አለ አባቴ።

«መሪ የያዘም እንደዚያው ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ተነሺ እንሂድ።»

እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተነሳሁም። «እቆያለሁ አባዬ» አልኩት። በሩን ሳይዘጋው ሄደ።

ሻምበል ምጥ የጀመራት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጥግ ይዛ ተሰበሰበች፣ አንገቷን ወደ ሥር ሰደደች፣ የመጀመሪያውን በጥርሷ ስባ አወጣች። ሁለተኛውም ተከተለ። ሦስተኛው ግን እምቢ አለ። ታምጣለች፣ ታርፋለች፣ ታምጣለች፤ ምንም የለም። አክስቴ ፎጣ አነጠፈች፣ እኔ ታክሲ ጠራሁ። አክስቴ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ተቀመጠችና ሹፌሩን «ጉድጓዱን በግራ እለፈው! አሁን ማርሽ ቀንስ!» እያለች አሳቀቀችው። ሰውዬው የካርቶኑን ውስጥ አይቶ ስለነበር እንዳለችው ነዳ።

ሐኪሟ በር ላይ ተቀበለችን። አጥንቱ ተከፍቷል፤ ልጁ ግን ጠማማ ሆኖ ነው የመጣው። በቅባትና በትዕግሥት አወጣችው። በሕይወት አልነበረም። አክስቴ ትንሿን ሬሳ በመሐረቧ ጠቀለለች፣ ሻምበልን ግንባሯ ላይ ዳሰሰችና «አይዞሽ፣ አልፏል» አለቻት። ሻምበል ተረፈች።

የተረፉት ሁለቱ ልጆች ጉድ ነበሩ። ዓይናቸው ተገልጦ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ጥርስ አብቅለው የተወለዱ፤ በማግስቱ ቅጠል ሲቀረጥፉ አየናቸው። ወንዱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ካልተለየ እናቱንም እህቱንም እንደሚያስረግዝ ሐኪሟ አስጠንቅቃን ስለነበር አክስቴ ራሷ ጾታቸውን ለየች። ልክ እንዳሳየቻት ደግፋ ይዛ፣ ጣቷን በስሱ አሳርፋ፣ መብራት ወደ ታች እንድይዝላት እያዘዘችኝ። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። ለወንዱ ሌላ የሽቦ ቤት ሠራንለት። አከራይዋም መጡ፤ አክስቴ ወደ ውስጥ አስገብታ አሳየቻቸው። «እንዳይሸቱ ብቻ» ብለው ሄዱ።

አባቴ እስካሁን ይደውልላታል። «መቼ ነው የምትመጪው?» ይላታል። «ልጠይቅህ ከሆነ እሁድ እመጣለሁ፤ ልኖር ከሆነ ግን አትጠብቀኝ» ትለዋለች። እሁድ ትሄዳለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች።

እኔ ደግሞ ባለፈው ወር ልብሴን በሻንጣ አድርጌ የአክስቴ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። ከቤታችን ስወጣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«የሷ አመል ተጋባብሽ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ ሻንጣዬንም አነሳሁ።