በርኖስ የለበሰው ማድጋ

የቀየት መንደሯ ይዘንጋሽ፣ ባሏ ፋንታሁን እናት አገር ጠርታው ሚሊሻ ሆኖ ከዘመተ ወዲህ፣ ድንገት ቢመጣ እግሩን የምታጥብበት ሙቅ ውኃ ከቤቷ አይታጣም። የመንዝ ብርድ ግን እሳትንም ያስነጥሳል፤ ኩበቱ አልበቃ አላት። ብረት ድስቱ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ገበያ ወጥታ የሸክላውን ሁሉ ሆድ ስታንኳኳ ውላ፣ ወፍራም ማድጋ መረጠች። ውኃውን አንዴ አፍልታ ገለበጠችበትና በፋንታሁን በርኖስ ጠቀለለችው።

ጎረቤቷ አበዛሽ ብቅ ስትል ምድጃው ዳር በርኖስ የለበሰ ነገር አይታ፣ «ፋንታሁን፣ እንኳን ደህና ገባህ» አለች። ጠጋ ስትል ሳቋ መጣ።

«እቴ፣ ገለባ ብታለብሺውስ? በርኖሱን ጨረስሽው እኮ።»

«ገለባም ሙቀት ይይዛል» አለች ይዘንጋሽ። «እሱን እሱን ግን አይሸትም።»

ጠዋት በርኖሱን ስትፈታ ውኃው ገና ለብ እንዳለ ነው። በሩን ከፍታ መንገዱን አየች፤ ከዚያ ፊቷን ታጠበችበትና እንደገና ኩበት አነደደች።