የፍሬን ፓምፕ ታቅፌ፦ ከአስኮ እስከ ባኮ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ አስኮ መናኸሪያ

ገና በቅጡ አልነጋም፤ ረዳቶቹ ግን ድምፃቸውን ቀድመው አሙቀዋል። "አምቦ! አምቦ! ሁለት ሰው!" ሁለት ሰው የተባለው ሚኒባስ ባዶውን ነው። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ወጣች። የካርቶን ሣጥኔን ግን አልሰጥም ብዬ ታቀፍኳት።

"እህቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ?" አለኝ ረዳቱ።

"ፍሬን ነው።"

ሥቆ ተወኝ። ሹፌሩ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው፣ በመስታወቱ አየኝና ማብራሪያ ጠየቀ። እኔም በማስተማር ሥራዬ የለመድኩትን ረዥም መልስ ሰጠሁት። የናፍጣ መኪና ፍሬን ሲረገጥ እግር ብቻውን አይበቃም፤ አየር እየሳበ እግርን የሚያግዝ ፓምፕ አለ። በአባቴ አሮጌ ፒካፕ ላይ ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል። እሱ ዘይት ማፍሰስ ጀምሯል፣ ጉልበቱም ደክሟል። አዲሱ አይገኝም፤ አሮጌው ቢገኝ እንደኛው የደከመ ነው። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሳምንት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስል ከርሜ በመጨረሻ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አገኘሁ፤ ከተጋጨ መኪና የተነቀለ፣ ሁለት ጡጫ የሚያክል።

"ለፍሬን ሞተር?" አለ ሹፌሩ። "እኛ ስንጀምር ፍሬን ማለት እግርና ጸሎት ነበር።"

ለሹፌሩ ያልነገርኩትን ለአንባቢ ልንገር። አምና በዚሁ በጥቅምት፣ አምቦ የሚኖረው አባቴ አቶ ታደሰ ታላቅ እህቱን እትዬ ጽጌን ወደ ባኮ ሲያደርስ፣ የጌዶን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ ደረቀበት። መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ ከአፈር ክምር ጋር አላትሞ አቆማት። ሰው አልሞተም፤ የእትዬ ጽጌ ቀኝ እጅ ግን ተሰበረ። "ፓምፑ ከዳኝ" አለ አባቴ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም፣ ባኮም ደርሶ አያውቅም። አርባ ዓመት ያሽከረከረ ሰው ተሳፋሪ አልሆንም ይላል። እህቱ ስትደውል "እንደምን ነሽ" ብሎ ስልኩን ለእናቴ ያቀብላል። ቅዳሜ ደግሞ ፒካፗን የሚገዛ ሰው ይመጣል። እሷ ከተሸጠች እነዚህ ሁለት ሽማግሎች የሚገናኙት በለቅሶ ብቻ እንደሚሆን ስለገባኝ ለመንኩት፦ "ዓርብ እንሞክራት፤ ካልሆነ ቅዳሜ ሽጣት።" እሺ ለማለት ሦስት ቀን ፈጀበት።

ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00፣ ጊንጪ

ሆለታን በጉም፣ አዲስ ዓለምን በፀሐይ አለፍናቸው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኑጉ አብቧል፣ ጤፉ መቅላት ጀምሯል፣ ድንች የሞላ ጆንያ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ጊንጪ ላይ ለቁርስ ወረድን። ጨጨብሳ በቅቤ አዘዝኩ። ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ በጣም ጨምሯል፤ ቅቤው ግን ስላልተቀነሰ ይቅር ብያቸዋለሁ። ሣጥኔን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ስበላ አስተናጋጇ ለእሱም ሰሃን ላምጣለት ወይ ብላ ቀለደችብኝ።

ሐሙስ፣ ረፋድ 4፡30፣ አምቦ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ቀጥታ ወደ ኦቦ ጉተማ ጋራዥ። ኦቦ ጉተማ የአባቴ የሠላሳ ዓመት መካኒክ ነው፤ ቱታው ላይ ዘይት ያልነካው ቦታ መፈለግ ያስቸግራል።

"አካም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ? መጣሽልን!" ብሎ በክርኑ ሰላም አለኝ፤ እጁ ቆሽሿል።

አባቴ ጥጉ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው። ግንባሬን ሳመኝና "ለከንቱ ደከምሽ" አለኝ።

ኦቦ ጉተማ ዲናሞውን አወረደ። አሮጌውን ፓምፕ ጠረጴዛው ላይ አስሮ በእጁ አዞረው፤ በአውራ ጣቱ የፓምፑን አፍ ደፈነና ቆየ። ደግሞ አዞረው። ቅንድቡ ተሰበሰበ።

"ኦቦ ታደሰ፣ ይሄ ደክሟል እንጂ አልሞተም። ትንሽ ትንሽ ይስባል። ያን ቀን እንዴት ነው እንደ ድንጋይ የደረቀብዎት? ሞተሩ እየሠራ ነበር?"

"ታዲያ ሳይሠራ ይሄዳል እንዴ መኪና?" አለ አባቴ፤ ተነሥቶም ወደ ውጭ ወጣ።

ቁጣው ገረመኝ። አባቴ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ደግሞ መልሱ መልስ አልነበረም።

ሥራው እስከ ከሰዓት ወሰደ። ወደ አሮጌው ፓምፕ ዘይት የሚወስዱት ቀዳዳዎች በብሎንና በመዳብ ሮንዴላ ተደፈኑ። አዲሱ ከባትሪው አጠገብ ጎማ ተነጥፎለት ታሰረ፤ ካልተነጠፈለት ሲነሣ ጋቢናውን ያንቀጠቅጠዋል። የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ ሪሌ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ጉልበት ሲያንሰው የሚበራ ቀይ መብራት ተደረገለት። እኔ "ቶሎ በል" ስል ኦቦ ጉተማ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?" ይለኛል።

የፍሬኑን ቱቦ ከመግጠሙ በፊት አባቴን ጠርቶ የፓምፑን አፍ በአውራ ጣቱ አስደፈነውና ቁልፉን ከፈተ። ፓምፑ አጉረመረመ። አባቴ ጣቱን ሊያነሣ ቢሞክር አልለቅ አለው።

"እንደ ጥጃ ይጠባል!" አለና ሳያስበው ሣቀ። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሣቅ ነው።

"ሞተሩ ባይነሣም እንኳ ቁልፉ ከተከፈተ ይስባል" አለ ኦቦ ጉተማ።

"ሞተሩ ቢጠፋም?"

"ቢጠፋም።"

"እየወረድክ ቢጠፋም?"

ኦቦ ጉተማ ቀና ብሎ አየው። "ቢጠፋም። ግን ለማጥፋት ፈቃድ አይደለም፣ ኦቦ ታደሰ። የባትሪ ነገር ነው፤ ሲያልቅ ያልቃል።"

ዓርብ፣ ጠዋት 1፡00፣ ከአምቦ ወደ ጉደር

አባቴ ሦስት ጊዜ አማትቦ መሪውን ያዘ። እናቴ ለእትዬ ጽጌ ቅቤና በርበሬ ቋጥራ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣለች። ከግቢው እስከ ዋናው መንገድ ባለው አጭር መንገድ አምስት ጊዜ ፍሬን ያዘ፤ ጎረቤቶቹ ደንግጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ግን እጆቹ ሥራቸውን አስታወሱ። ጉደር ድልድይ ላይ በቅሎ የሚነዳ ሰው ስናሳልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ እጁ ነዳ። እኔም ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00፣ ጌዶ

ጌዶ ብርድ ነው። ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፣ ከብት የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተዋል። ትኩስ ሻይ በዝንጅብል ጠጣን። አባቴ ሁለተኛ አዘዘ፤ ከዚያ ሦስተኛ። ቁልቁለቱ ከከተማው ማዶ እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ዳር ይዞ አቆመ። የእጅ ፍሬን ሳበ። ከታች ሸለቆው በጉም ተሞልቷል።

"ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቼው ነበር" አለ።

አልገባኝም። ደገመልኝ። ያን ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ ነበር፤ ሁለት ቀን ተሰልፎ ነው የቀዳው። እነሱ የድሮ ሹፌሮች ደግሞ ልማድ አላቸው፤ ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን ፎሌ አድርገው፣ ነፃ ለቀው፣ ሞተሩን አጥፍተው መንደርደር። "ቁልቁለት የእግዜር ናፍጣ ነው እንባባል ነበር። ወጣት ሆኜ ስንቴ ወርጄዋለሁ! ያን ቀን አንዴ ረገጥኩ፣ ያዘ። ሁለተኛ ረገጥኩ፣ ያዘ። ሦስተኛው ድንጋይ ሆነብኝ። ፓምፑ ለካ ከሞተሩ ጋር ተኝቷል።"

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ሁለት ሳምንት መርካቶን ያሰስኩት፣ ዓመት ሙሉ ፓምፑን የረገምኩት ለዚህ ነው? አፌ ላይ የመጣውን ልናገር ስዞር ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ አየሁት። ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው ልጁ ፊት ተማሪ ሆኖ ተቀምጧል። ንዴቴ ሳይሆን ሐዘኔ አየለ።

"ለእትዬ ጽጌ ምን አልካት?"

"ፓምፑ ነው አልኳት። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ 'አይዞህ' ስትለኝ ሌላ ነገር ማለት አቃተኝ።"

"እንግዲህ እሱን ኦቦ ጉተማ አይጠግነውም፣ አባዬ።"

ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ እያጓራ፣ ፓምፑ ከፊት አልፎ አልፎ እያጉረመረመ፣ ሱታ ሱታ እያልን፣ እንደ አካባቢው ሰው አነጋገር፣ በቀስታ ወረድን። የአፈሩ ክምር ያለበት ቦታ ስንደርስ አባቴ ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ረገጠው። መኪናዋ ታዘዘችው። ቀይ መብራቱ አልበራም። እኔም ዓይኔ በእንባ ተሞላ።

ዓርብ፣ 5፡00፣ ኢጃጂ

ሹራብ አወለቅን። አባቴ ጥላ ሥር አቁሞ ለገዢው ደወለ። "አልሸጥም አላልኩም" ሲል ሰማሁት፤ "ግን ነገ አትምጣ። ሰኞም አትምጣ።"

ዓርብ፣ 6፡30፣ ባኮ

ባኮ ሙቀቱ ከነአቧራው ይቀበላል። የበቆሎው አገዳ ደርቆ ቆሟል፣ የመንገድ ዳር ሻጮች ሸንኮራና ሙዝ ወደ መስኮት ያነሣሉ። እትዬ ጽጌ የግቢዋ በር ላይ ቆማለች፤ አጭር ሴት፣ ቀኝ እጇ ከክርኑ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ተሳሳሙ። አባቴ ግን ወደ ቤት አልገባም አለ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ልንገርሽ። ያን ቀን ፓምፑ አይደለም። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? አጠገብህ ተቀምጬ! እጄ ነው እንጂ የተሰበረው ጆሮዬ ደህና ነበር።"

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። "ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"እስክትነግረኝ። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ፤ አንተ ሚስትህን ትሰጠኛለህ። የተቀየምኩህ ስለ እጄ አይደለም፣ ታዴ። ስለ መቅረትህ ነው።"

አባቴ የተሰበረውን እጇን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። እሷ "በቃ፣ በቃ፣ ሰው ያያል" እያለች በደህናው እጇ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ምሳ ልታቀርብ ወደ ቤት የገባች መስሎኝ ነበር፤ ነጠላዋን አጣፍታ ተመልሳ ወጣች። ያን ቀን የተቀመጠችበትን የጋቢና በር ራሷ ከፈተች፤ እየተንጠላጠለች ገባች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች።

"ምሳው ይቆየን፤ መጀመሪያ አንድ ዙር ውሰደኝ" አለች። "በል አስነሣና ሞተሩን ልስማው።"