የራስ ቆዳ ሁኔታ

ሰፈርተኛው ታላቅ እህቴን «ዶክተሯ» ይላታል። ዶክተር አይደለችም፤ ጸጉር ሠሪ ናት። ግን አንዲት ደንበኛ መጥታ ስትቀመጥ ገና ጸጉሯን ሳታጥብላት መስኮቱ ጋ ወስዳ፣ በማበጠሪያዋ ጭራ እየከፈለች ጭንቅላቷን ሥር ሥሩን ታያለች። «ቸኩያለሁ» ቢሏት አትሰማም። አንዷ «እኔ ልሠራ እንጂ ልታከም አልመጣሁም» ብትላት፣ «እንግዲያው ሌላ ቤት ሞክሪ» ብላ በሩን ከፍታላታለች። ለምን እንደዚህ እንደምትሆን ለማንም አትናገርም። እኔ ግን የሷ ዓይነት ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፣ አፌም አይታሰርም፤ ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

እህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሁለት ነጥብ ወደቀች። አጎታችን እንደ ልማዱ ሳይጠራ መጥቶ «በቃ ትዳር» ብሎ ፈረደ። እማዬ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትተኩስ ሴት ነበረች፤ ቤት ስትገባ እግሯ ያብጣል፣ ምላሷ ግን አይደክምም። «ልጄ የውበት ሥራ ማሠልጠኛ ትገባለች» አለችው።

«ጸጉር ማበጠር ደግሞ ትምህርት ሆነ?»

«አንተ አናትህ ላይ የቀሩህ ሦስት ናቸው፤ ስለ ጸጉር ምን አገባህ?»

አጎታችን ተቀይሞ አንድ ወር ሙሉ አልመጣም። ደስ የሚል ወር ነበር።

ማሠልጠኛው ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው የማጠቢያ ገንዳዎች፣ በሌላኛው መስታወቶችና ጸጉር ማድረቂያ ካስኮች፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ መለማመጃ የፕላስቲክ ጭንቅላቶች ተደርድረዋል። አንዱን ጭንቅላት ለሁለት ስለሚካፈሉት ለእህቴ የግራው ወገን ደረሳት። መምህርቷ ቁጡ ናት፤ ከመቁረጥም ከመጠቅለልም በፊት ያስተማረቻቸው ካርድ መሙላት ነበር። የደንበኛዋ ስም፣ ከዚህ በፊት የተቀባችው ነገር፣ ከሥር ደግሞ «የራስ ቆዳ ሁኔታ»። ቁስል ወይም የማታውቁት ነገር ካያችሁ እጃችሁን አንሱና ሐኪም ጋ ላኩ ትላቸዋለች። ሠልጣኟ ራሷ ሞዴል ይዛ የምትቀርብበት የመጨረሻው ፈተና ላይም ሕጉ ያው ነው። ቁስል ያለባት ሞዴል ትመለሳለች፤ ሞዴል የተመለሰባት ሠልጣኝ ዓመቱን ትደግማለች።

የእህቴ ሞዴል እማዬ ነበረች። ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ መስታወቱ ፊት ትቀመጥና እህቴ ገና መጠቅለል ሳትጀምር ታንቀላፋለች። አንዴ ስትነቃ ግማሹ ጸጉሯ ቡናማ፣ ግማሹ ብርቱካን ሆኗል። «ምነው፣ ቀለሙ አልቆብሽ ነው?» አለች እንጂ አልተቆጣችም። ሰኞ ሻሽ አስራ ሥራ ሄደች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስስቅ ከረምኩ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እንደዚያው ቅዳሜ፣ እህቴ እያበጠረቻት ሳለ ጣቷ ከእማዬ ቀኝ ጆሮ ጀርባ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ምስር የምታክል፣ ጥቁር፣ ዳሯ ያልተስተካከለ ነገር ናት። ማበጠሪያው ሲነካት ደማች።

«ምነው?» አለች እማዬ።

«ምንም። ጸጉርሽ ተቋጥሮ ነው።»

የዚያኑ ዕለት ወደኔ መጣች። «ሞዴል ሁኚልኝ» አለችኝ። ምክንያቱን አልተናገረችም። ያኔ ጸጉሬ ወገቤ ጋ ይደርሳል፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው። «የእማዬን ብርቱካን ያደረገ እጅ የኔ አናት ላይ አይደርስም» አልኳት እየሳቅኩ። ደግማ ለመነችኝ፤ ደግሜ ሳቅኩባት። ማበጠሪያዋን ይዛ ወጣች።

በፈተናው ቀን የእማዬን ጸጉር ክፍፍል ወደ ግራ አዛውራ፣ የቀኙን ከጆሮዋ ጀርባ አስተኝታ አስያዘችው። ካርዱ ላይ «ጤናማ» ብላ ጻፈች። ፈታኟ ካርዱን አነበበች፣ ጸጉሩን ዞራ አየች፣ ወደደችው። እህቴ ከሁሉም አንደኛ ወጣች። እማዬ መሥሪያ ቤቷ ያሉት ሁሉ እስኪያዩላት ድረስ ያንን ጸጉር አንድ ሳምንት አላጠበችውም።

እህቴ ከፈተናው በኋላ ልትነግራት ነበር። ከፈተናው በኋላ ትልቅ ሳሎን ቀጠራት፤ ከዚያ ደግሞ «እስካሁን የት ነበርሽ?» መባሉን ፈራች። ዛሬ ነገ ስትል አምስት ወር ሄደ። አንድ ጠዋት እኔ የእማዬ ትራስ ላይ ደም አየሁና ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ መቼ እንዳየነው ጠየቀን። «ዛሬ» አልኩት። እህቴ ወለል ወለሉን ታያለች። «የቆዳ ካንሰር ነው። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ቆርጠን እናወጣው ነበር፤ አሁን ወደ አንገቷ ወርዷል» አለን።

እህቴ ሁሉንም ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ እማዬ ሳትሰማ ነገረችኝ። አልዋሽም፣ ልመታት እጄን አንስቼ ነበር። «ለወረቀት ብለሽ እናትሽን ሸጥሽ» አልኳት ሰው እየሰማ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አላናገርኳትም። የእማዬ አልጋ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ በተራ ውሃ እያጠጣናት፣ ቃል አንነጋገርም።

አንድ ቀን እህቴ ሥራ ሄዳ እማዬ እጄን ያዘችኝ። «እህትሽን ታረቂያት» አለችኝ።

«አንቺ ያደረገችውን አታውቂም።»

«እንዴት አላውቅም? መስታወት ፊት አይደል የተቀመጥኩት? ጣቷ ሲቆም ፊቷን አየሁት። ነገርዬዋንም ቀድሜ አውቃታለሁ፤ ያንን ትራስ ስንቴ አጥቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ሞዴል ከየት ታመጣለች?»

ይህን ስትለኝ ጸጉሬ በትከሻዬ ወርዶ አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል። እማዬ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። «ማወቄን ንገሪያት። እኔ ብነግራት ታለቅሳለች፤ አልችለውም። አደራሽን» አለችኝ። ወር ሳይሞላ አረፈች።

ከእህቴ ጋር ታርቀናል። የራሷን ሳሎን ከፍታለች፤ የምስክር ወረቀቷ ግን ግድግዳው ላይ የለም። በወር አንዴ እሄዳለሁ፤ መስኮቱ ጋ ታስቀምጠኛለች። ሁሉንም አይታ ትጨርስና ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ተመልሳ ደግማ ታያለች። ለደንበኛ ሁሉ ካርድ ትሞላለች። ከሥር ባለው መስመር ላይ «ጤናማ» ብላ አትጽፍም፤ «አይቻለሁ» ብላ ነው የምትጽፈው።

የእማዬን አደራ እስካሁን አላደረስኩም። «አውቃ ነበር» ካልኳት «ለምን ዝም አለች?» ማለቷ አይቀርም፤ እሱን ከመለስኩላት ደግሞ ያቺ የሳቅኩባት ቅዳሜ ትመጣለች። እሷን «እናትሽን ሸጥሽ» ብዬ ሰው ፊት አዋርጃታለሁ። በየወሩ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ይኸው አራት ዓመት ሆነ።

ባለፈው ስታበጥረኝ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።