«አለች» ማለት ያቃተኝ ጠዋት

ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ብሎ ሕግ የሚያወጣው ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ተከራዬን ይህ ሕግ ገና የያዛት ሰሞን እንዲህ ብዬ ጠይቄያት ከት ብላ ሳቀችብኝ። ያኔ ለእኔም ቀልድ ነበር።

ልጅቷ ከተጂ ነው የመጣችው። ጠዋት ለአንድ ክለብ ትሮጣለች፣ ከሰዓት ኮሌጅ ስፖርት ሳይንስ ትማራለች። ሱሉልታ ያለው ግቢዬ ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት አከራየኋት። ውድድር እያሸነፈች ስትመጣ የአበረታች መድኃኒት መርማሪዎች መዝገብ ውስጥ አስገቧት። እዚያ መዝገብ ውስጥ የገባ ሯጭ የት እንደሚያድርና በየትኛዋ አንድ ሰዓት ቤቱ እንደሚገኝ በየቀኑ በስልኩ ይሞላል። መርማሪዎቹ ሳይናገሩ ይመጣሉ። ካገኙት ሽንትና ደሙን ይወስዳሉ፣ ካጡት ይመዘግቡበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ከታጣ፣ አንዲት ክኒን ሳይውጥ፣ እንደ ወሰደ ሰው ይታገዳል።

መጀመሪያ የታጣችው አጎቷ ሞቶ ተጂ ለቅሶ የሄደች ጊዜ ነው። እያለቀሰች አድራሻ መቀየር ረሳች። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ስልኩ ላይ ቅጽ ይሞላል እንዴ? ሁለተኛው ኔትወርክ ጠፍቶ የላከችው ሳይደርስ የቀረ ቀን ነው። ኔትወርክ እንደሚጠፋ ለፈረንጅ ማን ያስረዳዋል! ከዚያ በኋላ ልጅቷ ፈራች። ጓደኞቿ ጎህ ሲቀድ ወደ ሜዳ ሲወጡ እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቱታዋን ለብሳ አንድ ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለች። የመጀመሪያ የውጭ አገር ውድድሯ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ያን ሰሞን እኔ ዘንድ መጣችና፣ «እትዬ፣ ጠዋት ሰዎች እኔን ብለው ቢመጡ፣ ማንም ይሁኑ ማን፣ አለች ይበሉልኝ። አንድ ዕድል ናት የቀረችኝ» አለችኝ። ዝናብ ሳይደርስብኝ ከገመድ ላይ ልብስ እየሰበሰብኩ ነበር። «እሺ እሺ» አልኳት። ሁለቴ ነው እሺ ያልኩት፤ እኔ እሺን ሁለቴ ካልኩ አልሰማሁም ማለት ነው። ልጆቼ ያውቁታል፣ እሷ ግን የት ታውቃለች።

ከዚያ በክረምቱ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ ጓሮ ላለ ሰው የበሩ ድምፅ አይሰማም። ከፈት አድርጌ ባይ አንዲት ካፖርት የለበሰች ሴትና አንድ ወጣት ቆመዋል፣ መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሴትዮዋ ፋይል ይዛለች። የልጅቷን ስም ከነአባቷ ጠርታ፣ «እዚህ ነው የምትኖረው?» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ፋይል የያዘ ሰው ጠዋት በር አንኳኩቶ የተከራይ ስም ከነአባቱ ሲጠራ እኛ ሰፈር ምን ተብሎ ይታሰባል? አከራዮች ውል አስመዝግቡ ተብለን ስንት ጊዜ ተነግሮናል። እኔ አላስመዘገብኩም። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቅጣቱን ፈርቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እና በቃ፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ መሰሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እንደዚህ የምትባል ሰው እዚህ የለችም፤ ቤት ተሳስታችኋል» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«የገዛ ቤቴን ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ቶሎም አልሄዱ። መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ቆይተው ሁለቴ ተመልሰው አንኳኩ፤ አልከፈትኩም። በበሩ ቀዳዳ እያጮለቅሁ በውስጤ እስቃለሁ፣ በሞኝነቴ! አንድ ሰዓት ሲሆን ሄዱ። ደቂቃ አልቆየም፣ ልጅቷ ከጓሮ ብቅ አለች፣ የጫማዋን ክር እያጠበቀች። «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ እትዬ፣ ዛሬም አልመጡም» ብላኝ፣ መኪናው ጭቃው ላይ የተወውን የጎማ ምልክት ተሻግራ እየሮጠች ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የመጡት የእሷ መርማሪዎች እንደ ነበሩ ያኔ ገባኝ።

የመርማሪዎቹ ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ታጥተሻል፤ ማብራሪያ ካለሽ አቅርቢ ይላል። ማታውኑ ጠርቼ ነገርኳት፤ የውሉንም ነገር አልደበቅኋትም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ምናለ! እሷ ግን፣ «እትዬ፣ እንደሆነው አድርገው ይጻፉልኝ። አለች በይ ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የለችም ያልኩት ይበሉ። ያድነኛል» አለች።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቢሮ ደብዳቤ ሳረቅቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ማንም የማይጠየቅበት ደብዳቤ መጻፍ እንጀራዬ ነበር። ያን ቀን ተቀምጬ ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? «በዕለቱ በነበረው ከባድ ዝናብ ምክንያት የቀረበልኝን ጥያቄ በአግባቡ ሳልረዳ የሰጠሁት ምላሽ ስለሆነ ከግንዛቤ እንዲገባልኝ።» ስለ ውሉ ቃል የለበትም። አለች በይልኝ ማለቷም የለበትም፤ ብጽፈው፣ እያወቅሽ ለምን ዋሸሽ እባላለሁ፣ ከዚያ ውሉ ይመጣል። ፈረምኩበት፤ ፊርማዬን ሳይቀር አሳምሬ።

ልጅቷ አነበበችው። ሁለቴ አነበበችው። ቀና ብላ አይታኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔን! ወላጆቿ ትልቅ ሰው እንዳትዳፈር አድርገው ነው ያሳደጓት። ያን ጊዜ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ቀድዳ ብትጥለው ኖሮ እንደገና እጽፈው ነበር ብዬ ዛሬም በእሷ እናደዳለሁ። በእሷ መናደዴ ደግሞ መልሶ በራሴ ያናድደኛል።

ውሳኔው የሁለት ዓመት እገዳ ሆነ። አትሌቷ አብረዋት ለሚኖሩ ሰዎች አስቀድማ በቂ ማሳሰቢያ ስለ መስጠቷ ማስረጃ አላቀረበችም ይላል። ማስረጃው እኔ ነበርኩ። ክለቡ ደመወዟን አቆመ፣ ኮሌጁ ከቡድኑ ስሟን አወጣ፣ የውጭው ውድድር ቀረ። አሠልጣኟ ፕሮግራም ሊሰጣት እንኳ አይፈቀድለትም፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም ብሎ ያልፋል። ጓደኞቿ በቡድን ሲያልፉ እሷ ቆማ ታሳልፋቸውና ለብቻዋ በሌላ አቅጣጫ ትሮጣለች። ታክሲ ውስጥ አንዱ «መርፌ ተወግታ ነው አሉ» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈልቶ ሰደብኩት። እውነቱን ግን አልነገርኩትም።

ውሉን በኋላ ሄጄ አስመዘገብኩ። ወረቀት ሞላሁ፣ ማኅተም ተመታልኝ፣ በቃ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለምን ዘገየሽ ያለኝ ሰው እንኳ የለም። ከማዘጋጃ ቤቱ ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባለፈው ደግሞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ለካ የታገደ ሯጭም ምርመራው አይቀርለትም፤ ልመለስ ካለ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ያቺው ሴትዮ ናት፣ ፋይሏን ይዛ፣ ከዚያው ወጣት ጋር። ነጠላዬን ጭቃ ላይ እየጎተትኩ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «አለች! አለች፣ ግቡ!» አልኩ፣ ሰፈር እስኪሰማ።

ሴትዮዋ አልገባችም። ቆማ አየችኝ። «ያን ቀንስ?» አለችኝ።

«ያን ቀንም ነበረች» አልኩ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ንገሪያቸው ብላኝ ነበር።»

«የይግባኙ ጊዜ አልፏል» አለች ቀስ ብላ።

ልጅቷ ከጓሮ ቱታዋን ለብሳ መጣች፣ ሰላም አለቻቸውና ወደ ክፍሏ ይዛቸው ገባች። ሴትዮዋ ከመግባቷ በፊት ፋይሏን ገልጣ «ተገኝታለች» ብላ ጻፈች።