የእማማ ጥሩወርቅ ግማሽ

ትናንት ሱቅ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ ማርሽማሎው የሚሉት ለስላሳ ነጭ ጣፋጭ አየሁና በጣቴ ጫን አደረግሁት። ጎድጎድ ብሎ ቀስ እያለ ተመለሰ። እኔም አብሬው ደብረ ማርቆስ ተመለስሁ፤ በንጉሡ ዘመን፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ።

የባልትና አስተማሪያችን አሜሪካዊት ነበረች። ለፋሲካ ስጦታ እንዲሆነን ይህንኑ ጣፋጭ አሠራችን። የፈላ ስኳር ላይ ከበሬ አጥንት የሚወጣ ዱቄት ጨምረን ክንዳችን እስኪዝል በሹካ መታነው። ውሃ የመሰለው ነገር እየነጣ፣ እያበጠ ሄዶ የጠዋት ጉም መሰለ። ጾም ስለነበር ጣታችንን እንኳ አልላስንም።

የፋሲካ ዕለት ከቆራረጥነው አንዷን በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ለክርስትና እናቴ ለእማማ ጥሩወርቅ ወሰድሁላቸው። አሸተቷት፤ ጉንጫቸውን አስነኳትና ፈገግ አሉ።

«ከምን ሠራሻት፣ ልጄ?»

«ከስኳርና ከበሬ አጥንት።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «በሬውን ማን ባርኮ አረደው?»

ዱቄቱ በቆርቆሮ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ያልተባረከ እንደማይቀምሱ አውቃለሁ። ግን ክንዴ ገና ያመኝ ነበር።

«ቄስ ናቸው አሉ» አልሁ።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ለሁለት ገመሷትና ግማሿን አጎረሱኝ።

«እንግዲያው አብረን እንብላት። ኃጢአት ካለባትም ለሁለት ይቀለናል።»

ሳላኝካት አፌ ውስጥ ሟሟች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አምነውኝ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

ሱቁ ውስጥ እሽጉ ገና በእጄ ነበር። «ይውሰዱት እንጂ፣ እማማ፤ በጣም ይጣፍጣል» አለችኝ ሻጯ ልጅ።

መልሼ አስቀመጥሁት። ለብቻዬ የምችለው አልመሰለኝም።