ውሃ ትፈልጊያለሽ

ከደብረ ማርቆስ የወጣን ለት፣ ገና ሳይነጋ፣ አማቴ ልጄን ስንዱን ከጭነት መኪናው ላይ ጎትተው ሊያወርዷት ትንሽ ነው የቀራቸው። ስድስት ዓመቷ ነበር። ስትጠራ አትዞርም፣ የሰው ዓይን አታይም፣ የተባለችውን መልሳ ከማለት በቀር የራሷ ንግግር የላትም። እዚሁ ጠበል አስጠምቃታለሁ ሲሉ፣ ልጄን ለማንም አልሰጥም አልኩ። ባሌ ጌታነህ መሀል ገብቶ፣ ዓመት እስኪሞላ አፏን ካልፈታች ትመለሳለች ብሎ ቃል ገባ። እኔን ማን ጠየቀኝ! የዓባይን በረሃ ስንወርድ ረዳቱ «ቀስ!» ባለ ቁጥር እሷም «ቀስ!» እያለች ሾፌሩን አሳበደችው። በዚህ ዓይነት ነው ጌታነህ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ወደ ተዛወረበት ሆሳዕና የገባነው።

ምን ልበላችሁ፣ አገሩ ለምለም ነው፤ ጭቃው ግን ጫማ ያስቀራል። ቆጮውን እኔ እስካሁን አልለመድኩትም፤ የእናቴ ሽሮ በዓይኔ ላይ ይሄዳል። ስንዱ ግን ቆጮ በአይብ ካየች ሌላ አትነካም።

ውሃ ሲጠማት «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። ሁልጊዜ እንዲያ እያልኩ ስለምሰጣት ነው። «ውሃ እፈልጋለሁ በይ» ስላት «በይ» ትለኛለች። ጣሳውን ይዤ ስንቴ አለቀስኩ መሰላችሁ! ኋላ «በይ» የምትለዋን ትቼ፣ በሷ ፈንታ «ውሃ እፈልጋለሁ» እያልኩ አቀብላት ጀመር። ክረምቱ አለፈ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

አከራያችን ወይዘሮ ማርታ የሀዲያ ሴት ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት በትልቅነታቸው ነው። ባሌን «ጌታነህ፣ ነይ ብዪ» ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ ሄዶ ይበላል። የገበያው ሰው አነጋገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስንዱ ወንዱን ሁሉ «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ብትል ቅር የሚለው የለም፤ ውሃ ይሰጧታል። በዚህስ አገሩን ወደድኩት።

ጉዱ የመጣው ከአገሬ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጎጃሜ ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ፣ ልጄን አሳምሬ አልብሼ ወሰድኳት።

«ስምሽ ማነው?» አላት።

«ስምሽ ማነው?» አለችው።

ፊቱ ጠቆረ። «እኔን ነው አንቺ የምትይው?»

«የምትይው» አለች፣ መስኮቱን እያየች።

የሰማችውን እንደምትደግም፣ ስድብ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ለፈለፍኩ። እሱ እቴ! «እመቤት፣ መጀመሪያ ሥርዓት ያስተምሯት፤ ፊደሉ ከዚያ ይደርሳል» አለኝ።

«ሥርዓት እንዲያስተምሩልኝ እኮ ነው ያመጣኋት፣ ጌታዬ!»

ዘበኛውን ጠርቶ አስወጣን። ውሃ መጠየቅ ያቃታት ልጅ ባለጌ ስትባል እንዴት አልናደድ!

ዓመቱ ሞላ። ስልክ ቤት ሄደን ጌታነህ እናቱን አስጠራ። ስንዱን «እንደምን ነሽ፣ እማማ» እያልኩ ሳለማምዳት ነበር የከረምኩት። መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ልጄ፣ ናፈቅሽኝ» አሉ አማቴ፣ ከሩቅ።

«ናፈቅሽኝ» አለች ስንዱ።

አማቴ ተንሰቀሰቁ። ልጃቸውን አስጠርተው፣ አፏን ፈታለች፣ አገሩ ተስማምቷታል፣ እዚያው ትቆይላችሁ አሉት። እኔም መድገሟ ነው አላልኩም። ምን በወጣኝ!

ጌታነህ ደስ ብሎት ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ግን ልጄን ይዤ ስልክ ቤቱ በር ላይ ቀረሁ። የእኔ እናት ስልክ የሚያስጠራት የላት፣ አገሬን ካየሁ ዓመቴ፣ ናፈቅሽኝ ያለኝ ሰው የለ። ያችን የተውኳትን «በይ» ረሳኋት።

«ስንዱዬ፣ እስቲ እኔንም ናፈቅሽኝ በይኝ» አልኳት።

«በይኝ» አለችኝ።