የጋሽ አስናቀ ማንገቻ

ከወልድያ የተነሣሁት አንድ የጠመንጃ ማንገቻ ላደርስ ነው። እኔ የባጃጅ ወንበር ሰፊ ነኝ፤ አጎቴ ጋሽ አስናቀ ደግሞ መርሳ የሚሊሻ ሥልጠና ገብተዋል። «ይኸ ምንሽር ትከሻዬን ገደለው! ቅዳሜ እስከ ግራና እንጓዛለን። ከሰልፉ የቀረ ይሰናበታል አሉ። እባክህ አንድ ነገር ስፋልኝ» ብለው ደወሉ። ካሮጌ መኪና በፈታሁት ቀበቶ ላይ ስፖንጅ ደርቤ፣ ሁለት ዘለበት አክዬ፣ ደረት ላይ ጥብቅ የሚል ማንገቻ ሠራሁ። እንዴት እንደኮራሁበት!

መርሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከሚኒባስ ወርጄ እዚያው የገዛሁትን ማንጎ እየላጥኩ ወደ ሜዳው ሄድኩ። ጋሽ አስናቀ ምንሽሩን ሲያቀብሉኝ ክንዴ ቁልቁል ወረደ።

«ወይ ጉድ! ይኸን ይዘው ነው የሚሮጡት?»

«ክላሹ ለሁሉም አልደረሰ። ይኸ ያባቴ ነው» አሉ።

እኔ መጠየቅ አይሰለቸኝም። አንዱ ገበሬ የበለዘ ትከሻውን ገልጦ አሳየኝ፤ ሌላው ጠመንጃውን ያነገተው ባህያ መጫኛ ነው። «ቆመህ አይከብድም፤ ቁልቁለት ላይ ሰደፉ ባትህን ሲደበድብህ ነው ጉዱ» አለኝ። ማንገቻዬን ለጋሽ አስናቀ አጠለቅኩላቸው። «እፎይ! ተባረክ!» አሉ። አሠልጣኙን አስፈቅጄ ከኋላ ተከተልኩ።

ወደ ግራና

በማሽላው መሀል ጋሽ አስናቀ ከወጣቶቹ እኩል ሄዱ። ደስ አለኝ። ከመንገዱ በላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ፊት ስንደርስ ግን፣ ሰዎቹ ሁሉ ጠመንጃቸውን ከትከሻ ሸርተት አድርገው በእጃቸው ዝቅ አድርገው ያዙ፤ ተሳልመው፣ መልሰው አንግተው አለፉ። አንዳቸውም እርምጃቸውን አላቋረጡም።

ጋሽ አስናቀ ቆሙ። ጠመንጃ አንግቶ መሳለም ለሳቸው የማይታሰብ ነው። ቀበቶው ግን በላብ ርሶ ዘለበቱ ውስጥ ከረረ። ሮጬ ደረስኩ፤ እኔው የሰፋሁት አልፈታ አለኝ! እንደምንም ፈታነው፣ ተሳለሙ። መልሰን ስናጠብቀው ሰልፉ ከመታጠፊያው ወዲያ ተሰውሯል።

ግራና ስንገባ ሌሎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ።

«ጋሽ አስናቀ፣ እንግዲህ በሚቀጥለው ዙር ይምጡ» አለ አሠልጣኙ፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው።

አጎቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አቧራቸውን አራገፉና «ትከሻዬንስ ምንም አላመመኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

ወልድያ

ማንገቻውን ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ ዘለበቶቹን ፈትቼ ጣልኳቸው፤ ስፖንጁን ግን እንዳለ ተውኩት። የጠመንጃውን ርዝመት በስልክ ጠይቄያቸዋለሁ፣ የትከሻቸውንም ስፋት ጠይቄያቸዋለሁ። መንገድ ላይ የት እንደሚያወርዱት ግን አልጠየቅኳቸውም።